ለእንቁላሏ የተመረጠላት ማርሚታ

የእኛ ቤት መኪና በጣም ትንሽ ናት። ነጭ ናት፣ ክብ ናት፣ ከፊትም ከኋላም ብትታይ ያው ናት፤ ስለዚህ «እንቁላሏ» እንላታለን። አጎቴ ሥራው ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ለታላቅ ወንድሜ ትቶለት ሄደ። ስትነሳ ጉንፋን እንደያዛት ድመት ታስነጥስና ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ትሄዳለች። አባቴ «ይቺ መኪና ጨዋ ናት» ይሉ ነበር። ወንድሜን ያንገበገበው ይኸው ጨዋነቷ ነው።

«ድምፅ የላትም» አለ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጎርሶ ሳይውጥ።

«ምን ትበልህ?» አለች እናቴ። «እንደምን አደርክ ትበልህ?»

«ማርሚታዋን እቀይረዋለሁ።»

ማርሚታ ማለት ከመኪና ሆድ ሥር ተጋድሞ ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣ፣ የሞተሩንም ጩኸት አፍኖ የሚያስቀር ነገር ነው። ሰው ሁሉ ማርሚታው ተቀዶ መኪናው ሲጮህበት አፍሮ ወደ ጋራዥ ይሮጣል። የኔ ወንድም ደህናውን አስወልቆ የሚጮህ ሊያስገባ ተነሳ። እንዲህ ያለ ሰው ታላቄ ተብሎ እኔ ውኃ ቅጂለት እባላለሁ።

አማካሪ አላጣም። ከማንም በፊት የደረሰለት ባለባጃጁ ጓደኛው ነው። በባጃጁ መስታወት ላይ የአንበሳ ፎቶ ለጥፏል፤ ክላክሱን ሲጫነው ግን የሚወጣው ጡጦ የተነጠቀ ሕፃን ድምፅ ነው። በሦስት እግር እየሄደ ስለ ውድድር መኪና የሚያስተምር ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እንጅባራ መናኸሪያ አካባቢ ብትመጡ ታገኙታላችሁ። አትቸገሩም፤ እሱ ራሱ ይጠራችኋል።

ሁለቱ ከበራችን ፊት ባለው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በስልክ የማርሚታ ድምፅ ያዳምጣሉ። አንዱ መኪና «ቩ» ብሎ ይጀምርና ኔትወርኩ ይቆማል። ከዚያ ያቺ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፤ ባለባጃጁ ደግሞ ትዕግሥት ስለሌለው የቀረውን በአፉ ይጨርሰዋል።

«ቩ... ቡም፣ ቡም፣ ቡርርርር! እንዲህ ነው የሚለው፣ አውቀዋለሁ።»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ያዳመጠው የጓደኛውን ምራቅ እንደሆነ አይገባውም።

አባቴ ፈረሳቸውን ውኃ አጠጥተው ሲመለሱ ቆም አሉ። «ይኼን ልጅ ሆዱን ያመዋል?»

«የለም አባዬ፣ የማርሚታ ድምፅ እየመረጥን ነው።»

«ድምፅ ይመረጣል?»

«እንዴታ! ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ የሚያገሳ አለ።»

«ለማግሳቱማ በሬ አለን።»

ባለባጃጁ ተቁነጠነጠ። «አባባ፣ ድምፅ ብቻ አይደለም እኮ! ሞተሩ እንደ ልቡ ስለሚተነፍስ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ ወሬ የገባቸው «ፈረስ» የምትለዋ ናት፤ በኛ አገር ፈረስ የተባለበትን ወሬ ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። «ስንት ፈረስ?»

ሁለቱ ተያዩ። «እ... አንድ፣ ሁለት ቢሆን ነው» አለ ባለባጃጁ።

«አንድ ሁለት ፈረስ ቱቦ ውስጥ ገባ» አሉ አባቴ፣ የፈረሳቸውን አንገት መታ መታ አድርገው። «ሰማህ ወይ? ሥራ ልትፈታ ነው» አሉትና ወደ ጋጣው ወሰዱት።

እኔ ፊዚክስ እወዳለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። «የእንቁላሏ ሞተር እኮ የስፌት መኪና ታህላለች። አፍንጫዋን ብታሰፉላት ሳንባዋ ያው ነው፣ ከየት አምጥታ ትተነፍሳለች?» አልኳቸው።

«ሂጂ አንቺ ምላሳም፣ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ!» አለ ወንድሜ።

እውነቱን ነው፤ ያኔ መሪ እንኳ ነክቼ አላውቅም። መሪ መያዝ ግን እንደምፈልግ ያውቅ ነበር። በለመንኩት ቁጥር «መኪና እንደ ምላስ አይነዳም» ይለኛል። ይቺን አባባሉን በልቤ አስቀምጫታለሁ።

ምርጫው ተጀመረ። የመጀመሪያው አማራጭ የእንጅባራው በያጅ ነበር፤ ሱቁ የከሰል ጆንያ ከሚደረደርበት መንገድ ዳር ነው። በያጁ እንቁላሏ ሥር ተንሸራቶ ገብቶ፣ በመዶሻ ማርሚታዋን ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ሆዱን ዘርግፌ ባዶውን እበይድልሃለሁ» አለ ከሥር ሆኖ። «ትዘፍንልሃለች።»

«ምን ዓይነት ዘፈን?» አልኩት።

«ደስ ያላትን።»

ወንድሜ ይህን አልወደደውም። ምክንያቱን ሲናገር ጆሮዬን አላመንኩም፦ «ከውጭ አይታይማ! ሰው በምን ያውቃል?» የሚሰማውንም የሚታየውንም ነው የፈለገው። ገና ያልተገዛ ቱቦ እንዲህ ካኮራ፣ ሲገዛ ሊበርር ነው አልኩ።

ሁለተኛው አማራጭ በቴሌግራም ከባሕር ዳር መጣ። ፎቶው ላይ ጫፉ በእሳት እንደተለበለበ ሰማያዊ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ቱቦ አለ። ወንድሜ ሻጩን ጠየቀው፤ እኔም በትከሻው ላይ አነብ ነበር። «ድምፁ እንዴት ነው?» «ኦሪጅናል ነው።» «የየት አገር ነው?» «ኦሪጅናል።» «ለየትኛው መኪና ይሆናል?» «ለሁሉም።» በዚህ ጊዜ ስልኩን ነጥቄ «ለጋሪም ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩ። «አዎ እህት፣ ይሆናል» ብሎ መለሰ። ይሄን ሰው እወደዋለሁ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር።

ሦስተኛው ዳንግላ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አገኘነው። አፉ የውኃ ጆግ ያህላል። እጄን ጨብጬ ብከተው እስከ ክርኔ ዋጠው።

«ድመት ትወልድበታለች» አልኩ።

«እህቴ፣ ይኼ የስፖርት ነው» አለ ባለሱቁ።

ወንድሜ አገላብጦ አየው፣ ነካው፣ ፊቱን አየበት፣ ፀጉሩን አስተካከለበት። ከዚያ «ድምፁስ?» አለ። ተሰቅሎ ያለ ቱቦ እንግዲህ ምን ድምፅ አለው? ባለሱቁ ግን አልተቸገረም። ቱቦውን አወረደና በአንዱ ጫፍ አፉን ገጥሞ፣ ደም ሥሩ እስኪገተር «ኧኧኧኧ!» ብሎ ጮኸበት። አንድ ትልቅ ሰው፣ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም፣ ቱቦ ውስጥ ይጮሃል። ወንድሜ በሌላው ጫፍ ጆሮውን ደግኖ ይሰማል። ባለባጃጁ ደግሞ እጁን አጣምሮ እንደ ዳኛ ቆሟል።

«ይኼ ነው!» አለ ወንድሜ።

እንዲህ ተመረጠ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የነገርኳችሁ።

ስንመለስ ቱቦው እኔ ጭን ላይ ተኝቶ ነበር። ባለባጃጁ ዳንግላ ስለቀረ ሁለታችን ብቻ ነን። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ «እውነቱን ንገረኝ ወንድም ጋሼ፣ ለማን ነው የምትጮኸው?» አልኩት። ማርሽ ቀየረ። ጆሮው ግን ቀላ።

ነገሩ ለካስ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ዳንግላ ትኖራለች፤ ከሷ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሰዎች አንዲት ልጅ አለቻቸው። ረጋ ያለች፣ ስትስቅ ግን አጥር የሚነቀንቅ ሳቅ ያላት ልጅ ናት። ወንድሜ አክስቴን መጠየቅ ያበዛው ለዘመድ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ኔትወርክ ደግሞ አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። እንቁላሏ ድምፅ ሳታሰማ ትደርሳለች፣ ልጅቷ መምጣቱን አታውቅም፣ እሱ የአክስቴን ሻይ ጠጥቶ፣ የአክስቴን የወገብ ሕመም አዳምጦ፣ ሳያያት ይመለሳል።

«ስመጣ እንድትሰማኝ ነው» አለ፣ መንገዱን እያየ።

«ክላክስ የለህም?»

«ክላክስማ ሁሉም አለው። እኔ መሆኔን እንድታውቅ ነው።»

እውነት ለመናገር፣ ለጥቂት ጊዜ ልስቅበት አልቻልኩም። ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። በኛ አገር ለበዓል ወይም ለትልቅ ሰው ለቅሶ ፈረስ ሲሸለም አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰራል። እናታችን የአባቴን ፈረስ ከሌላው ፈረስ ሁሉ የምትለየው በቃጭሉ ነው፤ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ «መጡ» ብላ ትነሳለች። ወንድሜም እኔም በዚህ ነው ያደግነው።

«ግን አባዬ ቃጭሉን በየቀኑ አያስሩትም» አልኩት። «ግድግዳ ላይ ነው የሚውለው። በአዘቦት ቀን ቃጭል ያሰረ ሰው ያበደ ነው የሚባል።»

«ጊዜው ተለውጧል» አለኝ።

«ጊዜው ተለውጧል» የሚል ሰው ሁሉ ሊሳሳት ሲል ነው እንዲህ የሚለው።

በያጁ ቱቦውን ገጠመው። አሮጌውን ማርሚታ «ምን ታደርግልኛለች» ብሎ ወንድሜ እዚያው ተወለት። ቁልፉ ሲዞር የሆነውን ልንገራችሁ፦ የእናቴ ዶሮዎች ጣራ ላይ ወጡ። የአባቴ ፈረስ የቀርከሃ አጥራችንን ጥሶ ሽንኩርት መደብ ውስጥ ገባ። ጎረቤታችን «ትራንስፎርመሩ ፈነዳ!» እያሉ ወጡ። እናቴ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና «አጥፋው! አጥፋው ነው የምልህ!» ትላለች። ወንድሜ አልሰማትም፤ በዚያ ጩኸት ማን ማንን ይሰማል? እሱ መሪውን ይዞ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

የፈረሱ ጉልበትስ? አልመጣም። ወደ ዳንግላ ስንሄድ ዳገት ላይ ሚኒባስ ሲቀድመን ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩን። ይህን ሁሉ የሚጮኸው ምን ይሆን ብለው ከባድ መኪና ሲጠብቁ እንቁላል አዩ። ድምፃችን ዳንግላ ሲደርስ እኛ ገና አዲስ ቅዳም ነበርን።

ልጅቷ ግን ሰማች። ይህን ልክደው አልችልም፤ ያልሰማም የለም። በአክስቴ አጥር በኩል ብቅ ብላ «እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለችኝ። «ወፍጮ ቤቱ የተነሳ መስሎኝ እህል አንጠልጥዬ ልወጣ ነበር።» ያን ቀን ይቺ የወንድሜ ሚስት ካልሆነች በምድር ላይ ፍትሕ የለም አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ እሱና ልጅቷ ተነጋግረው ጨርሰው፣ ወንድሜ ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ ደስ አላቸው። ከዚያም ሽማግሌ መረጡ፦ የንስሐ አባታችንን፣ ሌላውን አጎቴን፣ እና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አዛውንት ጎረቤታችንን። አዛውንቱ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው በአዊኛም በአማርኛም ሰው የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው።

ሽማግሌ አላላኩን የማያውቅ ካለ፦ በማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ ይደረሳል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የቤቱ አባት ወጥተው «ተቀመጡ» ካሏቸው ነገሩ ተስፋ አለው። ካላሏቸው እንደቆሙ ተሰናብተው ይሄዳሉ። በዝምታ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የልጅቷ አባት እምቢ ቢሉ ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳያፍር እንዲያልፍ ነው።

«ሽማግሌ እንደ ጤዛ ነው፣ ሲወርድ አይሰማም» አሉ አባቴ። «ያንን ነገር አውልቀው።»

«ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ፣ አባዬ።»

በሚኒባስ እንዳይሄዱ ተሳፋሪው ሁሉ «ወዴት ናችሁ?» ብሎ ያወጣጣቸዋል። ስለዚህ እንቁላሏ ተፈቀደላት። እኔም ለአክስቴ ቅቤ አድርሺ ተብዬ ከኋላ፣ በአዛውንቱና በአጎቴ መካከል ተጣበቅኩ። ለካስ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ይብሳል! ሲሮጥ ይጮሃል፤ ቀስ ሲል ያጓራል። የንስሐ አባታችን ጥምጥማቸውን ወደ ጆሯቸው ጎተቱት። እዚያ ሲደርሱ ምን ብለው እንደሚጀምሩ መነጋገር ነበረባቸው፤ አልቻሉም። አዛውንቱ አንድ ነገር ጀምረው ነበር፣ አጎቴ «እ?» አለ፣ እሳቸውም እጃቸውን አወናጭፈው ተዉት።

ደረስን። ከልጅቷ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤት መዝጊያቸውን ሊከፍቱ ጎንበስ እንዳሉ ቀጥ ብለው ተነሱ። «ቢስሚላህ! ምን መጣብን?» ውሾች ተነሱ። በሮች ተከፈቱ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ መንገድ ላይ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው እንግዲህ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከእንቁላል ውስጥ አንድ በአንድ የተፈለፈሉት።

«ውይ! ሽማግሌ ነው!» አለች አንዷ። ሌላዋ ምንም ሳትጠይቅ «እልልልል!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ባለሱቁ በሰፊው ፈገግ ብለው ወደ ግቢው እየተጣሩ «እንኳን ደስ ያለዎት!» አሉ።

እኔ በአክስቴ ግቢ በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የማየው። የልጅቷ አባት ድምፃቸው ከሹክሹክታ የማይበልጥ ሰው ናቸው። ወጡ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው አዩ።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ። «እናንተ ሳትናገሩ፣ እኔም ሳልመልስ፣ ሰፈሩ ዳረልኝ።»

«ልጅነት ነው፣ ይቅር ይበሉት» አሉ አዛውንቱ።

«እምቢ ብል ሰፈሩ ምን ይለኛል? እሺ ብል ደግሞ በጩኸት ተገዶ ሰጠ እባላለሁ። ሽማግሌ ነው የላካችሁ ወይስ አዋጅ?»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጣሉ። ምን ይመለሳል?

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «በሚመጣው እሑድ ኑ። የጎረቤቴ ዶሮ እንኳ እንዳይሰማ። ከተሰማ ግን ሌላ ቀጠሮ የለም።»

ተቀመጡ አላሉም። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተሰናበቱ። በአጥሩ ማዶ ልጅቷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ሰለቸው። በያጁ ጋ ሄዶ አሮጌውን ማርሚታ ለመነ። በያጁ ለካ ቆርጦ ለሚስቱ ምድጃ የጭስ መውጫ አድርጎታል። «ስጠኝ ካልክ ግን ቤቴ በጭስ ይታፈናል» አለው። ከባሕር ዳር ሌላ እንዲመጣ ተነገረ፤ ባለ«ኦሪጅናል»ም «ነገ» አለ፤ ነገም «ነገ» አለ። ባለባጃጁ ደግሞ የመጨረሻ ምክሩን ይዞ መጣ፦ «ጆንያ አርሰን እንወትፈው!» ወተፉት። እንቁላሏ ጥቂት አንገራገረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጆንያውን ከነውኃው ባለባጃጁ ደረት ላይ ተፋችው። እንቁላሏን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራታለሁ።

እሑድ መጣ። አዛውንቱ መፍትሔውን ሰጡ፦ ዳንግላ መግቢያ ላይ መኪናዋ ትጥፋ፣ እኛ በእግራችን እንሄዳለን። እንዲያ ሆነ። የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። ሦስቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ አዛውንቱ በያንዳንዱ እርምጃ ከንፈራቸውን እየነከሱ ሄዱ። ወንድሜ ከእኔ ጋር እንቁላሏ ውስጥ ቀረ። ወዲያ እንዳይጠጋ ተነግሮታል።

«ሄደሽ ስሚልኝ» አለኝ። ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነው። «በአክስቴ በኩል። የሚሉትን ሁሉ።»

ሄድኩ። አጥሩ ቀዳዳ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ የባለሱቁ መዝጊያ ገና አልተከፈተም። ሽማግሌዎቹ ጭቃ እስከ ባታቸው ድረስ ይዟቸው ደጅ ላይ ቆመዋል። የልጅቷ አባት ወጡ። እግራቸውን አዩ። ከዚያ ባዶውን መንገድ አዩ።

«በምን መጣችሁ?»

«በእግራችን» አሉ አዛውንቱ።

«ያንን ጉልበት ይዘው?»

«ይዤ።»

አባትየው ራሳቸው በርጩማ አመጡና ከአዛውንቱ ኋላ አስቀመጡ። «ተቀመጡ» አሉ።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው በእጅ ታፈነ።

ወንድሜ ጋ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ምላሳም የተባልኩባቸውን ቀናት ሁሉ እያስታወስኩ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ነበር፤ ያሰብኩት ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ።

«ተቀመጡ ተባሉ» አልኩት።

አልጮኸም። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ከደስታው ብዛት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ በጥፊ መታሁት።

«አብደሃል? ገና ቤት ውስጥ ናቸው!»

ፀሐይ ሞቅ ሲል አጎቴ ወጥቶ መጣ። ነገሩ አልቋል፣ ቀን ተቆርጧል፣ ግን አዛውንቱ ጉልበታቸው አብጦ መራመድ አልቻሉም። መኪናዋ እዚያ ደጅ ድረስ ትምጣ። ድምፅ ግን እንዳታሰማ።

ወንድሜ እንቁላሏን አያት። እኔን አየኝ። ሌላ መንገድ የለም፤ አንድ ሰው መግፋት አለበት፣ አንድ ሰው መሪ መያዝ አለበት፤ አጎቴ ደግሞ ወገቡን ያመዋል፤ መኪናም መንዳት አያውቅም።

«መኪና እንደ ምላስ አይነዳም» አልኩት።

«ግቢ!» አለኝ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ገባሁ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፣ በመስታወቱ ራሴን አየሁ። ወንድሜ ማርሹን አውጥቶልኝ ወደ ኋላ ሄደና ትከሻውን ሰጠ። እንቁላሏ ተንቀሳቀሰች! እኔ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ። እንደ ድሮዋ ጨዋ ሆና፣ ጎማዋ ጭቃውን ሲልስ ብቻ እየተሰማ ትሄዳለች። ከኋላ፣ ያ ጆግ የሚያህለው የስፖርት ቱቦ አጠገብ፣ ወንድሜ እያለከለከ ይገፋል። ጉድጓድ ውስጥ ልገባ ስል «ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው የምልሽ!» ይላል። አልሰማሁም፤ አንዳንዴ አለመስማት ጥሩ ነው።

ባለሱቁ ሱቃቸውን ከፍተው በር ላይ ቆመዋል። «ምነው ልጆቼ፣ ነዳጅ አለቀ?»

«አዎ ጋሼ» አለ ወንድሜ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።

«አላለቀም ጋሼ» አልኳቸው በመስኮት። «የፈረስ ጉልበት ጨምረንላት ነው።»

«ስንት ፈረስ?»

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። «አንድ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። ከኋላዋ አባቷ ብቅ አሉ። የሚገፋውን አዩ፣ የሚገፋውን ቱቦም አዩ። በዚያች ለሹክሹክታ በምትቀርብ ድምፃቸው ወደ ቤት ዞረው «ለዚህ ልጅ ውኃ ስጡት» አሉ።

ልጅቷ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ወንድሜ እንቁላሏ ላይ ተደግፎ ቆመ። አዛውንቱን ደግፈው አስገቡልኝ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ነበር፤ ማንም ውረጂ አላለኝም።